በትንፋሼ ላይ የተቀመጠ ሽምግልና

ሚስቴ የትራክተሬን ቁልፍ ከሱሪዬ ኪስ አውጥታ ለወንድሟ ሰጠችው። እኔ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ትራክተሩ ግቢ ውስጥ የለም። ድምፁን ከኾሩ፣ ክረምት ክረምት ብቻ ከሚሞላው ወንዝ፣ ማዶ ሰማሁት፤ የሌላ ሰው እግር ሲረግጠው የሚያወጣውን ድምፅ። የገዛ ትራክተሩ በሌላ ሰው ሲነዳ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያላዳመጠ ደግሞ እግዜር አያሰማው።

ይህ በደል ነው። ያን ጊዜም በደል ነው ብያለሁ፤ ዛሬም ስሙን አልለውጥለትም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዘለቀ እባላለሁ። ከበለሳ ወደ ቆላ የወረድኩት በጎረምሳነቴ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። እንደ እኔ ማጭዱን ይዞ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እዚህ ሳሉግ ይሉታል። ከአጨዳ ወደ ጫኝነት፣ ከጫኝነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ መሪው ደረስኩ። በመጨረሻም አንድ ያረጀ ቀይ ትራክተር የራሴ አደረግሁ። ኮኪት አጠገብ ካለው እርሻዬ ጋር ሀብቴ እሱ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ለልጆች በተሠራ አጭር ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ነው። መምህርቷ አንድ ቀን፣ «ጋሼ ዘለቀ፣ ያነበቡትን ይረዱታል?» ብትለኝ፣ «አንቺ የምታነቢውን ሁሉ ትረጂዋለሽ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ሰው ብዙ አይወደኝም። እኔም በዚህ ብዙ አስቸግሬው አላውቅም።

አንኮራፋ ነበር። አንኮራፋለሁ ሲባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእኔ ጋር አንድ ዳስ ውስጥ ያደረ ሳሉግ በማግሥቱ ሌላ እርሻ ይፈልጋል። እንቅልፉ ሌሊት ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር፤ ቀንም አይለቀኝም። ቅዳሴ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ተዝካር ላይ እንጀራውን ጠቅልዬ አፌ ሳይደርስ አንቀላፋለሁ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ከሬሳው አጠገብ ተቀምጬ ብጀምረው፣ ሟቹ የተነሣ መስሏቸው አልቃሾቹ ሸሽተዋል።

ነገሩ ፈር የለቀቀው ሐምሌ ላይ ነው። ለሰሊጥ መሬት እገለብጥ ነበር። ጧት ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ሞተሩ እንደ እናት ያባብላል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም። የቀሰቀሰኝ ጸጥታ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ትራክተሩ አፍንጫውን ኾሩ ጭቃ ውስጥ ቀብሯል። ዞሬ ሳይ፣ ከእርሻዬ ተነሥቶ ድንበሩን አልፎ፣ የጎረቤቴን የጎበዜን ቡቃያ ማሽላ ለሁለት ከፍሎ እስከ ኾሩ የደረሰ አንድ ትልም ይታየኛል። ጎበዜ ራሱ በትሩን ተደግፎ ትልሙ መሀል ቆሟል።

«ዘለቀ፣» አለኝ፤ «ነቅተህ እንዲህ ቀጥ አድርገህ አርሰህ አታውቅም።»

የማሽላውን ነገር ሽማግሌ ቶሎ ጨረሰው፤ በመኸር ከእኔ ጎተራ ይተካለት ተባለ። በማግሥቱ ምሳ በልቼ ጋደም ስል ነው እንግዲህ የሺ፣ ሚስቴ፣ ኪሴ የገባችው። ቁልፉን ለሙላት ሰጠችው። ሙላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰው ያልፈቀደለትን ነገር ሲያገኝ እንኳ «እኔ እኮ አልፈልግም ነበር» እያለ የሚቀበል ሰው ነው።

እኔ ሚስቴን ሽማግሌ ፊት ከሰስኳት። ሦስት ሆነው ተቀመጡ። አንዱ ቄስ አለባቸው፣ የነፍስ አባታችን። አንዱ ሐጂ ኑሩ፣ መተማ ዮሐንስ ድንበሩ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም ዘይትና መለዋወጫ የምንገዛቸው ሰው። ሦስተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎበዜ። ባለጉዳይ ነው ብዬ ብቃወም፣ ቄሱ፣ «ጉዳቱን በደንብ የሚያውቀው እሱ ነው» አሉኝ። የሺ ብዙ አልተናገረችም። «ቁልፉን አልሰጠውም» አለች፣ በቃ። እነሱም ፈረዱላት፤ ሌሊት እንቅልፉን ጨርሶ ቀን ነቅቶ መዋል እስኪችል ድረስ ትራክተሩን ሙላት ይንዳ ተባለ።

እኔም የገመድ አልጋዬን፣ አንገረቤን፣ ተሸክሜ ከቤት ወጣሁ። ግቢው ዳር ባለችው ራኩባ፣ በሣር በተከደነችው ዳስ ሥር ዘረጋሁት። ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም አልኩ። ሌሊት ብንን ስል የሺ ከቤቱ ደፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ ብላ ትታየኛለች። ሙላት ማታ ማታ ቁልፉን እሷ ጋር ነበር የሚያሳድረው። ሄጄ እንዳልሰርቃት ትጠብቀዋለች አልኩ። በንዴት ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

ጠበል ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ ተኛሁ፤ ሰዉ አለፈኝ። ኋላ መንገዱ ሲከፈት ጎንደር ወጣሁ። ሐኪሙ ጣቴ ላይ አንድ ነገር ቆንጥጦ አሳደረኝ። ጧት ያወጣውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ እርስዎ እኮ አይተኙም፤» አለኝ። «ሲታነቁ ነው የሚያድሩት። ጉሮሮዎ ይዘጋል፣ ትንፋሽዎ ይቆማል፣ አንጎልዎ ደንግጦ ይቀሰቅስዎታል፣ ደግሞ ይዘጋል። እንዲህ ሲል ይነጋል።»

መድኃኒቱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ክኒን የለውም አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫ ውስጥ አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን አለ፤ አዲሱ ግን እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ያገለገለ ካገኙ እንዳለ እንዳይጠቀሙበት፤ የነፋሱን ኃይል የሚወስነው ቁጥር ለእርስዎ መስተካከል አለበት፤ ይደውሉልኝ አለና ስልኩን ሰጠኝ።

ከጎንደር ስመለስ ቀጥታ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ገባሁ። ጦርነቱ ከሱዳን ያፈናቀለው ሰው በዚያ ድንበር ሲያልፍ ያልያዘው ነገር አልነበረም፤ ሐጂ ሱቅ የማይገኝ ነገርም የለም። ስነግራቸው ሳቁ። ወደ ጓዳ ገብተው ከአንድ የሕፃን አልጋ ሥር የዳቦ ቅርጽ የምታህል ግራጫ ሣጥን አወጡ። ረጅም ቱቦና ጭምብል ተጠቅልሎባታል።

«የሚስቴ ወንድም ከካርቱም ይዟት የመጣት ናት።»

«ባለቤቱ ሞተ?»

«አልሞተም። ከሳ።»

ሰውየው ካርቱም ሳለ በር የሚሞላ ወፍራም ነጋዴ ነበር አሉኝ። ቤቱን ጥሎ፣ መኪናው ተወስዶበት፣ ብዙውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ መተማ ሲደርስ ጀላቢያው የተሰቀለ ልብስ መስሎ ነበር። የመጀመሪያዋን ሌሊት ማሽኗን ሳያደርግ ተኛ፤ አላንኮራፋም። ጧት ተነሥቶ አለቀሰ። ሐጂ፣ «በደስታ ይሁን በኀዘን አልጠየቅሁትም» አሉኝ።

አንድ ሹዋል፣ ማለት አንድ ጆንያ ሙሉ፣ ሰሊጥ በመኸር አመጣለሁ ብዬ ማሽኗን ወሰድኩ። ከመውሰዴ በፊት ለማየት ሰካናት። መስኮቷ በራ። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። ልብ በሉ፤ በስንት መከራ፣ በስተርጅና፣ ልጅ ሁሉ እየሳቀብኝ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ይህች ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች። ሐጂ አዘኑልኝና ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩልኝ። ማዘናቸውን ተቀበልኩ፤ ጥቅሙን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ለሐኪሙ ደወልን። እሱ በስልክ እያለ ሐጂ ሲጫኑ፣ የዚያ ወፍራም ሰው ቁጥር ወርዶ የእኔ ቁጥር ገባ። ማጣሪያውን ይቀይሩ፣ ጭምብሉንና ቱቦውን በሳሙና ይጠቡ፣ ማጠራቀሚያዋ ውስጥ ፈልቶ የበረደ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨምሩ፣ ካስጨነቀዎት መጀመሪያ ቀን ቀን አድርገው ይቀመጡ አለኝ።

ቱቦውን አጠብኩ። የሺ መጥታ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው።

«ይኼ የሴት ሽታ ነው።»

አፍንጫዬን ሰደድኩ፤ እውነቷን ነው። ኹምራ የሚሉት የሱዳን ሙሽሮች የሚቀቡት ሽቶ አለ፤ ቱቦውን ጠጥቶታል። የነጋዴው ሚስት ትሆናለች።

«የማናት?» አለች።

«የማሽኑ።»

«ከማሽኑ ጋር እደር እንግዲያ፤» ብላኝ ገባች። ያን ማታ ከማሽኑ ጋር አደርኩ።

አደርኩ ማለት ይከብዳል። ጭምብሉን አሰርኩ። ቁልፏን ስጫን፣ በአፍንጫዬ የገባው ነፋስ ጉንጬን እንደ ወናፍ ነፋው። «ኧረ በጊዮርጊስ» ልል አፌን ስከፍት ነፋሱ በአፌ ወጥቶ የቃሉ ግማሽ እንደ መለከት ነፋ። ውሻዬ፣ ስንት ዓመት ያጎረስኩት ውሻ፣ ጮኸብኝ። ጭምብሉን ነቅዬ ጣልኩት።

ሐኪሙ ቀን ይልመዱት ስላለኝ ቀን ቀን አድርጌው መቀመጥ ጀመርኩ። መብራት ባለ ጊዜ ራኩባዬ ሥር ጭምብሌን አድርጌ፣ ቱቦዬን ደረቴ ላይ አጋድሜ ሠራተኞቹን አዝዛለሁ። አዲስ የመጣ አንድ ሳሉግ ሥራ ሊጠይቅ ግቢ ገብቶ እኔን ሲያይ ዞሮ ሄደ። እዚያ እርሻ ዝሆን የሚመስል ሰው አለ ብሎ ኮኪት ገበያ ላይ እንዳወራ ኋላ ሰማሁ። ሙላት በትራክተሬ ላይ ሆኖ ባጠገቤ ሲያልፍ እጁን እያነሣ ሰላም ይለኛል። ያ ሰላምታው ከነፋሱ የበለጠ ያንቀኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። አንድ ጧት ስነቃ አንድ ነገር ጎደለኝ። ራሴን ነካሁ፣ አለ። ምን ጎደለ ብዬ ሳስብ፣ ለካ ራስ ምታቴ ነው። ከስንት ዓመት ወዲህ ጧት የሚፈልጠኝ ራስ ምታት የለም። ቀን ላይ ተቀምጬ ሰው ሲያወራ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሰዎች እንዲህ የማይረባ ወሬ እንደሚያወሩ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ መብራት ጠፋ። መብራት ኮኪት ውስጥ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ይታወቃል፣ መቼ እንደሚሄድ አይነግርም። ማሽኗ ደግሞ ያለ መብራት ሣጥን ናት። ሐጂ የመኪና ባትሪ ኃይልን ለቤት ዕቃ የሚለውጥ ኢንቨርተር አዋሱኝ። ባትሪውስ? ጥሩ ባትሪ ያለው ማነው? ቀዩ ትራክተር።

ይህን ተመልከቱ። ትራክተሩን ለማግኘት መተኛት አለብኝ። ለመተኛት የትራክተሩ ባትሪ ያስፈልገኛል። ቁልፉ ባይኖረኝም የባትሪ ብሎን ለመፍታት ቁልፍ አይጠየቅም። ሙላት አምሽቶ አቁሞት ሲሄድ ባትሪውን እፈታለሁ፤ አልጋዬ ሥር አስገብቼ እተኛለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ መልሼ አስራለሁ። ማንም አያውቅም።

ያጋለጠኝ እንቅልፉ ነው። ቀድሞ ሌሊት ስንቴ እባንን ስለነበር ጎህ አምልጦኝ አያውቅም። ማሽኗ በሠራችልኝ መጠን እንቅልፌ ጠለቀ። አንድ ቀን ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ላዬ ላይ ቆሞ፣ የማይታወቅ ሰው የሚጮህ መሰለኝ። ሙላት ነው። ያን ዕለት ሰሊጡ ተራግፎ ሜዳ ላይ በሸራ ላይ ተኝቷል፤ ያለ ጊዜው ደመና ከምዕራብ ጠቁሯል፤ ተሳቢው መሄድ አለበት። ሙላት ቁልፉን ቢያዞር፣ ጭጭ። ሌባ ገባ ብሎ ሰው ሰበሰበ። ባትሪውን ሲፈልጉ አንድ ሽቦ አገኙ፤ ሽቦውን ሲከተሉ እኔ አፍንጫ ላይ ደረሱ።

ዝናቡ ባይጥልም ሙላት ሽማግሌ ጠራ። «የትራክተሩን ባትሪ በአፍንጫው ሲጠባው አገኘሁት» አለ። አሁን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ቁልፉ እስከ መጪው መኸር ድረስ በእጁ እንዲጸና፣ እኔም ትራክተሩ አጠገብ እንዳልደርስ። ያ ከተፈረደ ክረምቱን በሙሉ የሰው እጅ አይቼ ላርስ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሳሉግ ሆኜ ልመለስ።

ቄስ አለባቸው ማሽኗን አገላብጠው አዩ። ውሃ ማጠራቀሚያዋን ከፍተው ምን እንደሚጨመር ጠየቁ። ፈልቶ የበረደ ንጹሕ ውሃ ነው ከማለቴ የሺ ቀደመችኝ። ማታ ማታ ጠበል ጠብ ታደርግበት ኖሯል። ይህን ያን ጊዜ መስማቴ ነው። ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እውነቱን ለመናገር የሚስታቸው ወንድም ዘምዘም ጠብ ሳያደርግባት እንደማይቀር ነገሩን።

ጎበዜ ማሽኗን አየ፤ እኔን አየ። «በሁለቱም ካልዳነ እንግዲህ በምን ይድናል?» አለ።

ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ቄሱ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ተኝተህ አሳየን አሉ። ሌሊት በመንገድ መውጣት ስለማይቻል ማክሰኞ ቀትር ላይ ሊመጡ ተስማሙ። እዚህ ቀትር ላይ ሰውም ከብትም ጥላ ፈልጎ የሚጋደምበት ሰዓት ነው፤ መተኛት አያቅትህም አሉኝ። ቁልፉንም የሺ ከወንድሟ ተቀብላ፣ ፍርዱ እስኪሰጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ማክሰኞ መጡ። የሺ ቄሱም ሐጂውም ከአንድ ገበታ እንዲበሉ ብላ፣ ሥጋ ትታ፣ በሰሊጥ ዘይት ያበደ ሽሮ ሠርታለች። የማሽላ እንጀራው ገና ሞቃት ነው። በላዩ የቀዘቀዘ ከርከዴ፣ ያ ሱዳኖች የሚወዱት ቀይ አበባ ተዘፍዝፎ ስኳር የበዛበት መጠጥ፣ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ቀረበ። ሽማግሎቹ አላሳፈሯትም። ሙላት ትራክተሩን ራኩባው አጠገብ አቆመና ባትሪውን ራሱ ፈትቶ፣ እንደ ሬሣ ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ አልጋዬ ሥር አኖረው።

ጭምብሌን አሰርኩ፤ ተጋደምኩ። ሦስቱ ሽማግሎች በሦስት ወንበር ከበቡኝ። ሰው በሕይወቱ ሳለ እንዲህ ሲከበብ ጥሩ ስሜት አይሰጥም። ማሽኗ ቀስ ብላ ትነፋለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለስንት ዓመት ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ እየነዳሁ የተኛሁ ሰው፣ ተኛ ስባል እንቅልፌ ድራሹ ጠፋ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ክረምቱ፣ ማሳው፣ ሙላት መሪው ላይ ሆኖ እጁን ሲያነሣልኝ ይታየኛል። ተኛ፣ ዘለቀ፣ ተኛ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ጊዜው ሄደ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። በዓይኔ ሽንቁር አየሁ። የቄሱ ጭራ ዝንብ መምታቷን ትታ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፤ ጥምጥማቸው ደረታቸው ደርሷል። የሐጂ ኑሩ መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸው፣ ከጣታቸው ተንጠልጥሏል። ጎበዜ ግን፣ ጎበዜ ወንበሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ ያንኮራፋል። እንዴት ያለ ማንኮራፋት! ቅናት ብጤ ያዘኝ።

ከዚያም ቆመ።

ማንኮራፋቱ አይደለም የቆመው፤ ትንፋሹ ነው። ደረቱ ይነሣል፣ አየር አይገባም። ጠበቅሁ። አልመጣም። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ኖሯል፤ ማሽኗ ልትነፋብኝ ስትታገል ተሰማኝ። ይኼ ሰው ሊሞት ነው፣ እዚሁ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ሽሮዬን በልቶ አልኩ። ልነሣ ክንዴን ስደገፍ፣ ጎበዜ እንደሚሰምጥ ሰው አጓርቶ አየር ሳበ። ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ተመስገን ብዬ ተመልሼ ሳልጋደም ደግሞ ቆመ። ደግሞ ክንዴን ተደገፍኩ።

ቀና ስል የሺ ከቤቱ ደፍ ላይ፣ ሌሊት ሌሊት በምትቀመጥበት ቦታ፣ ተቀምጣ ታየኛለች። ጎበዜን አይደለም፣ እኔን ነው የምታየው።

«እንዲህ ነህ፤» አለችኝ ቀስ ብላ።

ልመልስ ብል ጭምብሉ አያናግርም።

«ሲቆም እነሣለሁ። ሲመጣ እቀመጣለሁ። ስንት ዓመት። ከቤት ስትወጣ ደግሞ ከዚህ ሆኜ ለመስማት ጆሮዬን ስተክል አድር ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ትራክተር ላይ ሆነህ ሲቆም ማን ይነሣልህ?»

ቁልፉን ስትጠብቅ መስሎኝ ነበር። ምን አለፋችሁ፤ እንደዚያ ተጋድሜ፣ የጎበዜን ትንፋሽ ሲሄድ ሲመጣ እየጠበቅሁ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ ያዞርኩባቸውን ሌሊቶች አሰብኩ። ሳቅም መጣብኝ፤ ሦስቱ ዳኞቼ እኔን ሊያስተኙ መጥተው ተኝተዋል። የሺም ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች። ከሐምሌ ወዲህ በአንድ ነገር ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሙላት ከትራክተሩ ጥላ ተነሥቶ ሲያስነጥስ ሁሉም ነቁ። ቄሱ ጭራቸውን አነሡና ዝንብ ያልነበረበትን ቦታ መቱ።

«መልካም፤» አሉ፤ «በሰላም ተኝቷል።»

ሐጂ ኑሩ በጥንቃቄ፣ «እኔ ከእሱ በኩል ምንም ድምፅ አልሰማሁም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሰውየው ሐሰት አልተናገሩም።

ጎበዜ ዓይኑን እያሸ፣ «እንደ ሕፃን ነው የተኛው» አለ። «ቁልፉ ይመለስለት።»

ቁልፉ በየሺ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይታየኛል። ዝም ብል አለቀ። ሦስት ምስክር፣ አንደኛው ካህን፣ አንደኛው ሐጂ፣ አንደኛው ጠላቴ። ጭምብሉን ፈታሁ።

«እኔ አልተኛሁም፤» አልኳቸው። «የተኛችሁት እናንተ ናችሁ። ጎበዜ፣ አንተማ ሞተህ ሞተህ ነው የተነሣኸው።»

ሰው ሲረዳህ እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ የሚል ፊት ነበራቸው። ሙላት ፈገግ አለ። ቄሱ በቅሬታ፣ «እንግዲያ ፈተናው አልተደረገም ማለት ነው፤ ዘለቀ፣ አንተ ለራስህ እንኳ አትመችም» አሉኝ። ምን ይሁን ታዲያ አሉ። ልማዴ አይደለም፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ እንደ ጭብጦ ነው የወጣው፣ ግን አልኩት፤

«የሺ ትዳኘኝ። የምታውቀው እሷ ናት።»

ሙላት ሚስት ለባሏ እንዴት ትዳኛለች ብሎ ሊሟገት ሞከረ። ሐጂ፣ ቁልፉን ስትወስድስ ማን ዳኛት ብለው ዝም አሰኙት። እሷ በሰላም ተኛ ካለች ይመለስ፣ ካላለች ሙላት እንዳለው ይጽና ብለው ተነሡ። ጎበዜ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረና፣ እውነት ትንፋሼ ይቆማል ወይ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። ተኝቼ ያረስኩትን ማሽላህን ጠይቀው ልለው ነበር፤ ተውኩት። የሐኪሙን ስልክ ሰጠሁት።

ማታ አንገረቤን ተሸክሜ ወደ ቤት ተመለስኩ። የሺ የራሷን አልጋ አስጠጋች፤ ባትሪው መሀላችን ገባ። ለፍርድ ነው አለች። የመጀመሪያውን ሌሊት ትከሻዬን ይዛ እያንቀጠቀጠች ቀሰቀሰችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጸጥ አልክ።»

«ማሽኑ ይሠራል እኮ።»

«አውቃለሁ። ጸጥ አልክ ግን።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቀሰቀሰችኝ። እንዲህ ሆነን አነጋን። ዳኛዬ ገደለችኝ አልኩ። የሁለተኛውን ሌሊት ግን አልቀሰቀሰችኝም፤ ወይም አልሰማኋትም።

የሦስተኛውን ጧት የቀሰቀሰኝ የጥጃ ጩኸት ነው። ፀሐይ በጣሪያው ቀዳዳ ገብታለች። ላሚቱ አልታለበችም። የሺ እንዲህ ያለ ሰዓት ድረስ ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ በታመመች ጊዜ እንኳ። እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች። ፊቷ የማላውቀው ፊት ነው፤ ያረፈ ፊት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ታንኮራፋለችም።

ነጠላዋ ከአልጋው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ቋጠሮው እጄ አጠገብ ነው። እሷ እኔ ተኝቼ ነው የወሰደችው። እጄን ሰደድኩ፤ ብረቱን በጨርቁ ውስጥ ዳበስኩት። ከዚያ እጄን መልሼ ሰበሰብኩ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ። አልቆመም። የሚቆም መስሎኝ ግን ሁለት ጊዜ ጎንበስ አልኩ።

ስትነቃ ደነገጠች። ፀሐይዋን አየች፣ ጥጃውን ሰማች፣ እኔን አየች። ነጠላዋን ወደ ራሷ ስባ ቋጠሮውን ፈታች።

«አልወሰድከውም?»

«ተኝተሽ ነበር።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችውና ላሚቱን ልታልብ ወጣች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ ምክር ባትጠብቁ ደግ ነው፤ ምክር የሚሰጥ ፊት የለኝም። ያም ሆኖ ከእናንተ መሀል የሚያንኮራፋ አለ። ሰው ሲስቅበት አብሮ የሚስቅ፣ ቀን ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ፣ ስንፍና ነው የሚባል። አንተ ትተኛለህ፤ አጠገብህ ያለው ሰው ግን ላይተኛ ይችላል። አንድ ጧት ጠይቀው። ማሽን ቢያገኙልህ ያገለገለ ነው፣ የሌላ ሰው ሽቶ አለበት፣ የማላነበውን ይጽፋል ብለህ አትናቀው፤ ሐኪም አስተካክሎልህ፣ አጥበህ፣ ልመደው። እኔ ይኸው አፍንጫዬ ላይ የካርቱም ሙሽራ ሽቶ እየሸተተኝ እተኛለሁ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ የሺም መጠየቋን አልተወችም። ጎበዜ ደግሞ ጎንደር ደርሶ መጥቷል፤ ማሽኔን ለሰኞና ለረቡዕ አውሰኝ ብሎ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ይላክ። ሲቀመጡ ምሳ አላበላቸውም።

ሚስቴ ቁልፌን መውሰዷ በደል ነበር ብያለሁ፤ ነበር። የወሰደችበትን ቀን ግን ረስቼዋለሁ፤ የመለሰችልኝ ዓርብ ጧት፣ የሚካኤል ማግሥት፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።